ቶርን የሰበረው የለም፦ የሆላንድ ፖሊስ 27 ቀን ሙሉ ገበያ ያስተዳደረበት ጉዳይ

ሸማኔው_ከዩትሬክት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡12

ሰላም ለዚህ ቤት። ቅዳሜ ቡና ላይ አንድ ወዳጄ «ፖሊስ ቶርን ሰብሮታል፤ ዳርክ ዌብ አልቆለታል» ብሎ ድርቅ አለብኝ። ቶር ማለት የተጠቃሚውና የድረ ገጹ ትክክለኛ አድራሻ እንዳይታወቅ መልእክቱን ከቦታ ቦታ እያነጠረ የሚያሳልፍ መረብ ነው፤ ዳርክ ዌብ (የጨለማው ድር) ደግሞ በእንዲህ ዓይነት መረብ ብቻ የሚገባበት ድብቅ ድር። የምኖረው ሆላንድ ነው፣ እንጀራዬም ሰርቨር ማስተዳደር ነው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ መስማት አልሆነልኝም። ቤት ገብቼም ሲብሰለሰልብኝ ስላደረ እዚሁ ላውጣው። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በ2017 የጨለማው ድር ትልቁ ገበያ አልፋቤይ ይባል ነበር። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እንዳለው 200,000 ተጠቃሚና 40,000 ሻጭ ነበረው። ከእሱ በፊት የነበረው ሲልክ ሮድ የሚባል ገበያ በ2013 ሲዘጋ የነበሩት የሕገወጥ ዕቃ ማስታወቂያዎች 14,000 ገደማ ናቸው። አልፋቤይ ላይ የዕፅና የመርዛማ ኬሚካል ብቻ ከ250,000 በላይ ነበር፤ የተሰረቀ መታወቂያው፣ ሐሰተኛ ሰነዱና የጠለፋ መሣሪያው ሳይቆጠር። ከእሱ ያነሰው ደግሞ ሃንሳ ነው። አውሮፓ ውስጥ ስሙ ጥሩ ነበር፣ «ሥርዓት ያለው ቤት» ይሉት ነበር።

ሃንሳን የሆላንድ ፖሊስ ያገኘው በጥቆማ ነው። አንድ የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የገበያውን መሞከሪያ ሰርቨር ሳያገኘው አልቀረም። ገንቢዎቹ አዲስ ነገር የሚሞክሩበት ማለት ነው። ዋናውን በቶር ሸፍነው መሞከሪያውን ራቁቱን ረስተውታል። እንደኔ ዓይነት ሰው ይቺን ሲሰማ ሆዱ ይላወሳል፤ ሁላችንም አንድ ቀን የረሳነው መሞከሪያ ሰርቨር አለን።

እዚህ ላይ ፖሊሶቹ መጥተው ማሽኑን ቢነቅሉት ኖሮ ታሪኩ ያልቅ ነበር። አልነቀሉትም። መስመሩ ላይ አደመጡ፣ ከዚያ ተነስተው ወደተሸፈኑት ሰርቨሮች ደረሱ፣ ዲስኮቹን ቀዱ። የተቀዳው ውስጥ የሁለቱ ባለቤቶች የቆየ የቻት መዝገብ ተገኘ፤ ስማቸው ሙሉውን፣ የአንደኛው የቤት አድራሻ ጭምር። ሁለቱም ጀርመኖች ናቸው።

ሆላንዶች ወደ ጀርመን ሲደውሉ ምን ተባሉ? «እነዚህን ሰዎችማ እኛም እየተከታተልናቸው ነው!» ጉዳዩ ግን ሌላ ነው፦ ኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት በሕገወጥ መንገድ የሚሸጥ ድረ ገጽ። ሃሳቡ የተወለደው እዚህ ነው። ጀርመን በመጽሐፉ ክስ ትያዛቸው፤ ሰው ሁሉ ስለ መጽሐፍ ነው ብሎ ያስባል፤ እኛ ወንበራቸው ላይ እንቀመጥ።

ከዚያ ሃንሳ ጠፋ። ሰዎቹ ሳይጠረጥሩ አልቀሩም፣ ሰርቨሩን በአንዴ ወደማይታወቅ ቦታ አዛወሩት። ወራት አለፉ። ያገኙት በቢትኮይን፣ በዲጂታል ገንዘቡ፣ ክፍያ ነው። በቻቱ ውስጥ ከነበረ አድራሻ የወጣ ገንዘብ ዱካው ተጠንቶ ሊቱዌኒያ ያለ የሰርቨር አከራይ ዘንድ ደረሰ። ቢትኮይን ስም አይጽፍም እንጂ መዝገቡ ለዘላለም ክፍት መሆኑን የሚረሳ ብዙ ነው።

በዚያው ሰሞን አሜሪካኖቹ አልፋቤይን ከብበውት ነበር። ባለቤቱ አሌክሳንደር ካዜስ የሚባል ካናዳዊ ነው፣ ባንኮክ ነበር የሚኖረው። የተያዘበት ስህተት ከሃንሳዎቹም ይብሳል። ገበያው በ2014 መጨረሻ ሲከፈት ለአዲስ አባላት በሚላከው ኢሜይል ጀርባ ላይ የግል የሆትሜይል አድራሻው ተለጥፎ ይወጣ ነበር። በዚያው አድራሻ ከዓመታት በፊት ፈረንሳይኛ የቴክኒክ መድረክ ላይ ስሙን ጠቅሶ ጽፏል። በቃ።

ሁለቱ ቡድኖች ተነጋገሩና ቅደም ተከተል አወጡ። ሰኔ 20 ቀን 2017 ጀርመን ሁለቱን የሃንሳ ሰዎች ያዘች፤ በዚያው ቅጽበት ሆላንዶች ገበያውን ወደራሳቸው ሰርቨር ማዛወር ጀመሩ። ሐምሌ 5 ባንኮክ ላይ አልፋቤይ ተዘጋ። የታይላንድ ፖሊሶች ያደረጉት ደግሞ ፊልም ይመስላል፦ መኪና ስታዞር እንደሳተች ሆና የግቢውን በር ገጨችው፤ ሰውየው ምንድነው ብሎ ወጣ፤ ላፕቶፑ ክፍት ነበር፣ በአስተዳዳሪነት ገብቶ። ለምን ገባ? ፖሊስ አንዱን ሰርቨር ስላሰናከለበት ሊያስነሳው ነዋ።

ነጋዴውና ገዥው አልፋቤይ ሲጠፋ «ባለቤቱ ገንዘባችንን ይዞ ጠፋ» አለ፤ በዚያ ዓለም የተለመደ ነው። ዕቃውን ጠቅልሎ የት ሄደ? ሃንሳ። ፖሊስ ወደሚያስተዳድረው ሃንሳ። ስደተኛው ከመብዛቱ የተነሳ አዲስ ምዝገባ ለጊዜው እስከመዝጋት ደርሰው ነበር። ሐምሌ 20 ቀን ዋሽንግተን ላይ ሁሉም ይፋ ወጣ፣ ሃንሳም ተዘጋ።

በእነዚያ 27 ቀናት ምን እንዳደረጉበት ነገ እጽፋለሁ፣ መሽቷል። ለወዳጄ ግን መልሴ ይኸው፦ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቶር የተሰበረበት ቦታ አለ?

—

ምንጣፍ_ጎታች · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ጀርመኑ፣ ሆላንዱ፣ ሊቱዌኒያው፣ ታይላንዱ፣ አሜሪካኑ… «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»። አመሰግናለሁ፣ ወጣሁ።

—

ቢት_በቢት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡11

ይቺን ተረት ማን ይወረውራት ይሆን ብዬ ስጠብቅ ነበር 😄

ሸማኔው ጥሩ ጽፈሃል፤ ግን አንድ ነገር ለማለት ያህል፦ ሁልጊዜ በስህተት ብቻ አይደለም የሚይዙት። በ2015 ኤፍ ቢ አይ ፕሌይፔን የሚባለውን የሕፃናት ጥቃት ምስሎች ድረ ገጽ ከያዘ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ራሱ ከፍቶ አቆየው። የገባውን ሰው ኮምፒውተር ትክክለኛ አድራሻውን እንዲናገር የሚያደርግ ኮድ ላከበት። እሱ የቶርን ብራውዘር ቀዳዳ መጠቀም ነው። ሩቅ ያሉ ሺህ ኮምፒውተሮችን በአንድ ቨርጂኒያ ላይ በተቀመጠ ዳኛ ትዕዛዝ ነው የጠለፉት። ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በነበረ አንድ ክስ ዐቃቤ ሕጉ «ኮዱን አሳይ» ሲባል ኮዱን ከማሳየት ክሱን መተው መርጧል።

—

ሸማኔው_ከዩትሬክት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ልክ ነህ፣ እታረማለሁ። ብራውዘሩ ተጠልፏል። መረቡ ራሱ፣ ሦስት ቦታ እየነጠረ የሚሄደው መንገድ፣ በሃንሳም በአልፋቤይም ጉዳይ አልተነካም ልበል።

—

ጡረተኛው_መርማሪ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እንደምን አደራችሁ ልጆች። እኔ ኮምፒውተር የማውቀው ልጄ በገዛልኝ ታብሌት ነው። ምርመራ ግን 28 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ሸማኔው የጻፈውን ሳነብ እንግዳ አልሆነብኝም። የተሰረቀ ዕቃ የሚገዛ ሰው ስታገኝ ወዲያው አትይዘውም። ሱቁን ታየዋለህ። ማን ይመጣል፣ ማን ያመጣል፣ በየትኛው ቀን። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ልዩነቱ እኛ ከሱቁ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ተቀምጠን ነው ያየነው፤ እነዚህ ባንኮኒው ውስጥ ገቡ። እሱ ላይ ጥያቄ አለኝ። ፖሊስ ዕፁን እያየ አሳለፈው ማለት ነው?

—

ወለተ_ሚካኤል_ሚኒሶታ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡22

የጋሼ ጥያቄ የኔም ነው። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ፈንታኒል ማለት 2 ሚሊግራም ሰው ሊገድል የሚችል ነገር ነው፣ በእርሳስ ጫፍ ላይ የምትቀመጥ። ፍትሕ ሚኒስቴር አልፋቤይ መዘጋቱን ሲያሳውቅ ዩታ ውስጥ ስለሞተ የ13 ዓመት ልጅ ተናግረዋል። ሌላ ታዳጊ ከአልፋቤይ ባዘዘው ሰው ሠራሽ ኦፒዮይድ (ከፈንታኒል ወገን በሆነ የሕመም ማስታገሻ) ነው የሞተው። በፖስታ የመጣ ነው፤ እንደ መጽሐፍ፣ እንደ ካልሲ።

ስለዚህ ፖሊስ 27 ቀን ገበያውን ሲያስኬድ የተሸጠው የት ደረሰ? እኔ መልሱን ሳላውቅ «ጎበዞች» ለማለት እጄ አይነሳም።

—

ሸማኔው_ከዩትሬክት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ቃሌን ልጠብቅ። ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እነሱም ተከራክረውበታል።

መጀመሪያ ሥራውን። ፖሊሶቹ በፈረቃ እንደ አስተዳዳሪ ሆነው ይሠሩ ነበር። ከሥራቸው አራት አወያዮች ነበሩ፣ አለቆቻቸው መቀየራቸውን አላወቁም። ከታሰሩት ላይ የይለፍ ቃሉ ስለተገኘ በዚያው የቻት መስመር በዚያው ስም ያናግሯቸዋል። ሻጭና ገዥ ሲጣላ ሸምጋይ ሆኖ የሚፈርደው አስተዳዳሪው ነው፤ ስለዚህ የሆላንድ ፖሊስ «ዕቃዬ አልደረሰኝም» የሚል የዕፅ ገዥ አቤቱታ እየሰማ ይፈርድ ነበር። የአገልግሎቱ ጥራት ተሻሻለ ተብሎ ተመስግኗል! መንግሥት መሥሪያ ቤት ወረፋ የያዘ ሁሉ ይቺን ያጣጥማት።

በጓዳ ግን ኮዱን ቀይረውታል። የይለፍ ቃል ተመስጥሮ መቀመጡ ቀርቶ በግልጽ ይመዘገባል። ብዙ ሰው የይለፍ ቃሉን በሁሉም ገበያ አንድ ስለሚያደርግ ሌላውም በር ተከፈተ። ገዥው ለሻጩ የቤቱን አድራሻ ሲልክ ገጹ ራሱ ይመሰጥርለት ነበር፤ አሁን ከመመስጠሩ በፊት ቅጂ ይቀራል።

የፎቶው ነገር ደግሞ አለ። ስልክ ፎቶ ሲያነሳ የት እንደተነሳ አብሮ ይጽፋል፤ ሃንሳ ያንን ይፍቅ ነበር። ፖሊስ መፋቂያውን አቆመና «በቴክኒክ ብልሽት ፎቶዎቹ ጠፍተዋል፣ እንደገና ጫኑ» አለ። ጫኑ። ከ50 በላይ ሻጮች ያሉበት ቦታ በዚህ ተገኘ። ለሌሎቹ ደግሞ የኤክሴል ፋይል ሰጧቸው፣ ገበያው ቢዘጋ ገንዘባችሁን ለማውጣት ያገለግላል ብለው። ሲከፈት ወደ ፖሊስ ሰርቨር ይጠራና ትክክለኛ አድራሻቸውን ይናገራል።

ወደ ወለተ ሚካኤል ጥያቄ። በእነዚያ ቀናት 27,000 ገደማ ግብይት አልፏል፤ ይኼን አልደብቅሽም። ከሆላንድ የሚላከውን ለመያዝ ሞክረዋል፣ የሌላ አገር ትዕዛዝ ሲሆን ዝርዝሩ ወደ ዩሮፖል፣ የአውሮፓ ፖሊሶች መገናኛ፣ ይላክ ነበር። ፈንታኒልን ግን ከገበያው አግደውታል። መሐል ላይ ነው የወሰኑት፣ ከመጀመሪያው ቀን አይደለም። እና ሁሉም ፖስታ ተይዟል የሚለኝ ሰው ቢኖር አላምነውም። የእነሱ ክርክር «እኛ ባንይዘው ኖሮም ያው ግብይት በሌላ ገበያ ይካሄድ ነበር» ነው። በሒሳብ ልክ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው በዚያ ሳምንት ሞቶ ከሆነ ለቤተሰቡ ሒሳብ አይነገርም።

እኔ የት ነው የቆምኩት? ገበያውን መያዛቸውን እደግፋለሁ፤ ፈንታኒልን በመጀመሪያዋ ሰዓት አለማገዳቸውን አልደግፍም።

—

ወለተ_ሚካኤል_ሚኒሶታ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ስላልደበቅከኝ እግዜር ይስጥልኝ። በዚህ እንስማማለን።

—

ጠበቃ_ነኝ_ግን · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡05

ዘግይቼ ደረስኩ፣ ችሎት ነበረኝ። ሁለት ነገር ሳይለይ እየሄደ ነው።

አንደኛው፦ ወንጀል እንዲሠራ ሰውን መገፋፋትና ሊሠራ የመጣን ሰው ዕድሉን ሰጥቶ መመልከት በሕግ አንድ አይደሉም። ሃንሳ ላይ ማንም አልተገፋፋም፤ ሻጩ ዕቃውን፣ ገዥው ገንዘቡን ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ መገፋፋት የሚለው መከራከሪያ የትም አያደርስም። ፕሌይፔን ግን ለእኔ ከባድ ነው። ዕፅ ስትሸጥ ዕቃው ፖስታ ቤት ሊያዝ ይችላል። የሕፃን ምስል ግን በታየ ቁጥር ያ ልጅ እንደገና ይጠቃል፤ ልትመልሰው አትችልም። ፖሊስ ለሁለት ሳምንት ያንን ማቅረቡን «ዕድል መስጠት» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ሁለተኛው፦ «ኢንተርፖል ያዛቸው» የሚል ነገር በየቦታው አነባለሁ። ኢንተርፖል ማንንም አይዝም። 196 አባል አገሮች ያሉት የመልእክት መረብ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሊዮን ነው። ዩሮፖልም ቢሆን የራሱ የሚያስር እጅ የለውም፤ ሄግ ተቀምጦ መረጃ ያገናኛል። የሚይዘው የአገሩ ፖሊስ ነው፣ በአገሩ ዳኛ ትዕዛዝ። ለዚህ ነው ሸማኔው የነገረን ታሪክ ውስጥ ትልቁ ሥራ የቴክኒኩ ያልሆነው። ሊቱዌኒያ ውስጥ ያለ ሰርቨር ለመቅዳት የሊቱዌኒያ ዳኛ ያስፈልጋል፤ የታይላንድን በር ለመግጨት የታይላንድ ፖሊስ። አንዱ አገር አንድ ቀን ቢቀድም ሌላው ባዶ ቤት ይደርሳል።

ቀጥሎ የሚመጣውን ችግር የሚያሳየው ደግሞ የደቡብ ኮሪያው ነው። «ዌልካም ቱ ቪዲዮ» የሚባል የሕፃናት ጥቃት ቪዲዮ ገበያ ነበር፣ በቢትኮይን የሚከፈልበት። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ኮሪያ አብረው የገንዘቡን ዱካ ተከትለው ደረሱበት፤ ሰርቨሩ የወጣቱ ቤት ውስጥ ነበር። በ2019 ሲገለጽ በ38 አገሮች 337 ሰው ተይዟል፣ ቢያንስ 23 ልጆች ከሚያጠቋቸው እጅ ወጥተዋል። ትብብሩ እንከን የለሽ ነው። ከዚያስ? ባለቤቱ በኮሪያ ሕግ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት። አሜሪካ «ስጡኝ» ብትል የሴኡል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2020 አልሰጥም አለ። ከእሱ ገበያ ያወረዱ አንዳንድ ደንበኞች አሜሪካ ውስጥ ከባለቤቱ በላይ ዓመት ታስረዋል። ኮሪያዊው ሕዝብ ራሱ ተቆጥቶ አደባባይ ወጥቷል።

ፖሊስ ከፖሊስ ጋር ተግባብቶ፣ ሕግ ከሕግ ጋር ካልተግባባ እንዲህ ነው።

—

ቢት_በቢት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡48

ጠበቃው የሕፃናቱን ጉዳይ በተመለከተ ተስማምቻለሁ፣ ክርክር የለኝም።

የኔ ስጋት ሌላ ነው። ይኼ ሁሉ ታሪክ ሲወራ አገራችን ላይ የሚቀረው «ቶር የሚጠቀም ወንጀለኛ ነው» የሚለው ነው። ቶርን የጀመረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ቤተ ሙከራ ነው፤ ጋዜጠኛም፣ ባሏ የሚያሳድዳት ሴትም፣ ፖሊስ ራሱም ይጠቀምበታል። እኛ ጋ በ2012 የቶር ፕሮጀክት ሰዎች ራሳቸው «በኢትዮጵያ ተዘግተናል» ብለው ጽፈዋል። ያኔ የተዘጋው ዕፅ ነጋዴ ለመያዝ ነበር? የዞን 9 ጦማርያን በ2014 ሲከሰሱ ኢንተርኔት ላይ ራስን መጠበቅን የሚያስተምር ሥልጠና መውሰዳቸው ክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። በሽብር ክስ! እኔ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ላፕቶፔ ላይ የነበረውን ሁሉ አጠፋሁ፣ አጎቴ ተቆጥቶኝ።

ስለዚህ «ዓለም አቀፍ የፖሊስ ትብብር» ሲባል የምጠይቀው ማን ከማን ጋር፣ በምን ላይ የሚለውን ነው። ሆላንድ ውስጥ ዳኛ አለ፣ ጋዜጣ አለ፣ ፖሊስ ያደረገውን በኋላ ወጥቶ ይናገራል። ያው ዘዴ፣ ያው የኤክሴል ፋይል፣ መንግሥትን የሚተች ሰው ላይ ቢላክስ?

—

ጠበቃ_ነኝ_ግን · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ስጋትህ ከንቱ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) አለን፤ ስለ ዓለም አቀፍ ትብብርም ይናገራል፣ የሕፃናት ምስልንም ይቀጣል። ክርክሩ የነበረው በሌሎች አንቀጾቹ ላይ ነው፣ ስድብና ንግግርን የሚነኩት ላይ። አሁን ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሳይበር ወንጀል ስምምነት በታኅሣሥ 2024 በጠቅላላ ጉባኤው ጸድቆ በጥቅምት 2025 ሃኖይ ላይ ለፊርማ ተከፍቷል። ሥራ ላይ የሚውለው 40 አገሮች ሲያጸድቁት ነው። የመብት ተሟጋቾች የሚሉት አንተ የምትለውን ነው፦ ማስረጃ የመለዋወጥ ግዴታው ከኮምፒውተር ወንጀል አልፎ ማንኛውንም «ከባድ ወንጀል» ይሸፍናል፣ ከባድ የሚባለው ደግሞ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣው ነው። በየአገሩ አራት ዓመት የሚያስቀጣው ምን እንደሆነ ታውቃለህ።

ግን ተቃራኒውንም እይ። ስምምነት በሌለበት አገር ተጠቂ የሆነች ልጅ ቤተሰብ ወደ ማን ይሂድ? ደንበኞቼ ውስጥ ፎቶዋ ተሰርቆ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ የተጫነባት አለች። ማስረጃ ለማግኘት የምንጽፈው ደብዳቤ ከሚኒስቴር ወደ ሚኒስቴር ሲዞር ወራት ይወስዳል፤ ሰርቨሩ በበኩሉ በሰዓታት ይነሳል።

—

ጡረተኛው_መርማሪ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡33

ልጄ ቢት በቢት፣ የምትለውን እኔ ከውስጥ አይቼዋለሁ፣ አልክድህም። ዝርዝሩን አታስወራኝ።

ስለ ፖሊስ ጉዳይ ግን አንድ ልጨምር። ሸማኔው ያነሳው ሲልክ ሮድ ምርመራ ላይ ሁለት የአሜሪካ ፌደራል መርማሪዎች ራሳቸው ቢትኮይኑን ሲሰርቁ ተይዘው በ2015 ተፈርዶባቸዋል። አንዱ የዕፅ ቁጥጥሩ፣ ሌላው የሲክሬት ሰርቪሱ። የዕፅ ቁጥጥሩማ በገበያው ውስጥ ተመሳስሎ የገባው ራሱ ነበር። እኛም ዘመን ምልክት የተደረገበት ብር ይዞ የሚገባ ሰው ሲመረጥ ብዙ ይታሰብበት ነበር። ባንኮኒው ውስጥ ለ27 ቀን ከ1,000 ቢትኮይን በላይ ጋር የተቀመጡትን የሆላንድ ልጆች ማን ይቆጣጠር ነበር? እኔ አለቃቸው ብሆን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

—

ሸማኔው_ከዩትሬክት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

ጋሼ፣ ይኼንን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ሆላንዶቹ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር አልተሰማም፤ ዐቃቤ ሕጎች ከጅምሩ አብረው ነበሩ። ግን ሲልክ ሮድን ሲያነሱ ትዝ ያለኝ፦ ያንን ገበያ የመሠረተው ሰው በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ላፕቶፑን እንደከፈተ ነው የተያዘው፤ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በጥር 2025 በፕሬዚዳንቱ ምሕረት ወጣ። ካዜስ ግን ፍርድ ቤትም አልደረሰም። በተያዘ በሳምንቱ ባንኮክ እስር ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። 26 ዓመት አልሞላውም። ሁለቱን ሳስብ ምን እንደምል አላውቅም።

አሁን «ይዘጋል፣ ሌላ ይከፈታል፤ ምን ዋጋ አለው» ለሚለኝ ወዳጄ። እውነት ነው፣ ተከፍቷል። አልፋቤይ ራሱ በ2021 በቀድሞ አስተዳዳሪ እጅ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ሃይድራ የሚባለው የሩሲያኛው ገበያ ብቻ ጀርመን ሰርቨሩን በ2022 ስትነቅል 17 ሚሊዮን የደንበኛ አካውንት ነበረው። ግን ከሃንሳ በፊት ገበያ ሲዘጋ ሰው ወደሚቀጥለው በሩጫ ነበር የሚሄደው። ከሃንሳ በኋላ የሚቀጥለው ገበያ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «አንተ ፖሊስ ነህ?» ሆነ። አሁን ሻጩ ገዥውን፣ ገዥው አስተዳዳሪውን ይጠረጥራል። መርካቶ ውስጥ ሁሉም ሚዛን ውሸት ነው ተብሎ ቢወራ ማን ይገበያያል? ሰርቨር በማግስቱ ይተካል፤ እምነት ግን ከየትኛው አከራይ ይከራያሉ?

ዘዴውንም ሌሎች ወስደውታል። በየካቲት 2024 እንግሊዞች ሎክቢት የሚባለውን፣ የሰው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቡድን ገጽ ሲይዙ አልዘጉትም፤ እነዚያ የተጠቂዎችን ፋይል እንለቃለን እያሉ ሰዓት ይቆጥሩበት በነበረው ቦታ ላይ ፖሊስ የእነሱን ሚስጥር በሰዓት ቆጣሪ አስቀመጠበት።

—

ወለተ_ሚካኤል_ሚኒሶታ · ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 7፡10

ገዥዎቹስ? አድራሻቸው ሁሉ ተወስዷል አልክ። ልጆችም ይኖሩበታል።

—

ሸማኔው_ከዩትሬክት · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡55

10,000 ገደማ የውጭ አገር ገዥ አድራሻ ለዩሮፖል ተሰጥቶ ወደየአገሩ ተልኳል። እያንዳንዱ አገር ምን እንዳደረገበት የየራሱ ነው። እዚህ ሆላንድ ለአንዳንዶቹ ፖሊስ ቤታቸው ሄዶ በር አንኳክቶ «እናውቃለን» ብሎ አነጋግሯቸዋል፤ ማሰር ሳይሆን ማነጋገር። ትልቅ መጠን ያዘዘው ግን ሌላ ነገር ነው የገጠመው።

—

ምንጣፍ_ጎታች · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡02

አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ሳቄን ትቼ። ያንን የኤክሴል ፋይል ስንቱ ከፈተው?

—

ሸማኔው_ከዩትሬክት · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡20

64 ሻጭ።

—

ምንጣፍ_ጎታች · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡24

ትናንት ማታ ከማላውቀው ሰው «የደመወዝ ጭማሪ ሰንጠረዥ» የሚል ኤክሴል መጥቶልኝ ከፍቼዋለሁ።

ጋሼ፣ እኔ ልምጣ ወይስ እርስዎ ይመጣሉ?